ደርሶኛል የሚል ሲጠፋ

እንዴ፣ ጋሼ! ይግቡ እንጂ፤ ምን በር ላይ ያቆመዎታል? በሩን ይተዉት፣ ራሱ ይዘጋል። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሐኪሙ ደረጃ ከልክሎኛል ሲሉ ሰምቼ ነበር... እሰይ፣ እንኳን ተሻለዎት። ትምህርት ቤቱስ? ያ ጫማውን እያስጮኸ ኮሪደሩን የሚዞረው ርእሰ መምህር አሁንም አለ? አይ፣ እሱስ ደግ ሰው ነው። ጫማው ነው እንጂ።

ይቀመጡ። እዚያኛው ላይ አይደለም፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ እዚህ፣ ከእኔ ጎን። ድሮ ለደንበኛ ሶፋ ነበረን፣ ያስታውሱታል? ቡናማው፣ አባዬ ከምሳ በኋላ «ዓይኔን ላሳርፍ» እያለ የሚያንኮራፋበት። ወጣ። ደንበኛ ከእንግዲህ በስልኩ ነው የሚያዘው፣ መጥቶ የሚቀመጥ የለም ተባለ። ደግሞም እውነት ነው። ከእርስዎ በፊት በዚህ በር ሰው የገባው ማክሰኞ ዕለት ነው፤ እሱም የጥርስ ሐኪሙን ቤት ሲፈልግ ተሳስቶ። ሻይ ላምጣልዎት? ላምጣ፣ ላምጣ፤ ሻይ ገና አልተቋረጠም።

ወንድሜ? አለ፣ እዚያ የመስታወት ቢሮው ውስጥ። ሥራ ላይ ነው... ጆሮው ላይ ማዳመጫ ስላደረገ አይሰማንም። መስታወቱ እርግጥ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፣ ለአየር ተብሎ ከላይ ክንድ ያህል ክፍት ነው የተተወው። ግን ማዳመጫ ያደረገ ሰው ምን ይሰማል? ደግሞስ እኔና እርስዎ ስለ እሱ ምን እናወራለን? ሰው ማማት አልወድም፣ ያውቁኛል።

ይልቅስ ሻዩ እስኪበርድልዎት ስለ አንድ ሌላ ማተሚያ ቤት ላጫውትዎት። የት እንደሆነ ብቻ አይጠይቁኝ። እንደ እኛው የቤተሰብ ነው፤ እንደ እኛው አባትየው ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ታናሹ ልጅ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ታላቂቱ እንደ ድሮዋ ደንበኛ መቀበያው ላይ ቀረች፣ ሃያ አንድ ዓመት በአንድ ወንበር። ለምን ታላቂቱ አልሆነችም እንዳይሉኝ... አባትየው እንዲያ ብለው ሄዱ፣ እሷም እሺ አለች።

ታዲያ ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ልጅ መሰለዎት! ቆጣቢ። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሰው አይደለም፣ አምፖል ነው። ቁጠባ ደግሞ በዘር ይተላለፋል መሰለኝ። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፣ ስኳር የመሰሉ። ቅዳሜ ዕለት ትንሿ ቢሮው ገብታ፣ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሠራ፣ መብራቱን ድርግም አድርጋ ወጣች። «ምነው ልጄ?» ቢላት «ማንም ያለ አልመሰለኝም» አለችው። በሳቅ ፈረስን... ፈረሱ አሉ፣ የዚያ ቤት ሰዎች።

እዚያ ቤት ከደረጃው ሥር ሰርቨር የሚሉት አንድ ትልቅ ሳጥን ነበር። የቤቱ ኢሜይል፣ ድረ ገጹ፣ የተሠራው ሥራ ሁሉ እሱ ሆድ ውስጥ ነው የሚኖረው። ቀን ከሌት ያንኮራፋል። አባትየው «አማቻችን» ይሉት ነበር፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲነኩት ይከፋዋል። በየወሩ አንድ ባለሙያ እየመጣ አቧራውን እፍ ይልለታል፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፣ «ደኅና ነው፣ ግን ዕድሜው ገፍቷል» ብሎ ይሄዳል። ስምንት ዓመት ሙሉ ዕድሜው ገፍቷል አለን... አላቸው።

ይሄ ብልህ ልጅ ታዲያ ምን አደረገ? ሳጥኑን አስወጣ። ባለሙያውንም ከነሻዩ አሰናበተ። ኢሜይሉን፣ ድረ ገጹን፣ የትዕዛዙን ሰንጠረዥ፣ ሁሉን ነገር ከአንድ ትልቅ ኩባንያ በወር ተከራየ። የት ነው ያለው ብትለው «ደመና ላይ» አላት ለታላቅ እህቱ። ሰማይ አይታረስ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ምን ያውቃሉ! ዛሬ ደመናው ተሸንሽኖ ይከራያል።

ደግሞ አልዋሽዎትም፣ ነገሩ ይሠራል። ድሮ ናሙና ለማሳየት ሰው ከተማውን ያቋርጥ ነበር፤ አሁን ደንበኛው አልጋው ላይ ሆኖ «ይቺ ፊደል ትጠጋ» ይላል፣ ትጠጋለች። ጠራዡ እንኳ፣ ያ እጁ ሙጫ የማይለቀው፣ መነጽሩን ሰክቶ የዕለቱን ሥራ ከስልኩ ላይ ያያል። መብራት ቢሄድ ፋይል አይሄድም። ወጪውም በግማሽ ወረደ። ይሄንን የሚክድ ምቀኛ ነው።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲሉ ይስቃሉ፤ ምን ያስቃል? እሱም ታላቅ እህቱን ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ አስተማራት። «ይሄን ተጫኚ፣ ይሄን አትንኪ።» አትንኪው ይበዛ ነበር። ትልቁን የማዘዣ መዝገብም ከጠረጴዛዋ ላይ አነሳላት፣ ደከመሽ ብሎ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? እዚያ ቤት ወረቀቱ ወጥቷል። የቀረው እንግዲህ... ይጠጡ እንጂ ጋሼ፣ ሻይዎ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሄ ደመና የሚሉት ኪራዩ በአድራሻ ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ የኢሜይል አድራሻ በየወሩ ይከፈላል። ልጁ ተቀምጦ ቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ አድራሻ! የቤቱ ሰው ግን ዘጠኝ። አግብታ የሄደች ጸሐፊ አለች፤ ለአንድ ወር መጥቶ የቀረ ሻጭ አለ፤ «ሙከራ ሁለት» የሚባል አለ፣ ማን እንደወለደው የማይታወቅ። ታዲያ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይዘጋው ነበር። እሱ ግን ሥርዓት ያውቃል፤ ለሁሉም አድራሻ አንድ ማስታወቂያ ላከ። «ውድ የሥራ ባልደረባ፤ ይህ አድራሻ የሚያስፈልግዎ ከሆነ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ቅጹን ይሙሉ። ካልተሞላ እንደማያስፈልግ ይቆጠራል።»

ለሁሉም ነው የላከው፣ ጋሼ። ማንንም አላዳላም። ለአባቱም ላከ።

አባቱ አልሞሉም። ምን ያድርጉ? ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንኳን ቅጽ ሊሞሉ... እንግዲህ እሳቸው የት እንዳሉ ያውቃሉ። ቢሆንም ልጅዬው ሳያስጠነቅቅ አልዘጋባቸውም። «ውድ የሥራ ባልደረባ» ብሎ፣ ቀን ሰጥቶ፣ ጠብቆ ነው። አባቱን ጠይቆ የሚሠራ ልጅ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት፣ ይሄ ይገባዎታል። እዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ለአባትየው ምንም ይጻፍላቸው፣ ትዕዛዝ ይሁን ስሞታ ይሁን፣ ዋጋውን ሳያዩ፣ ወረቀቱ መኖሩን ሳይጠይቁ፣ መጀመሪያ አንዲት ቃል ይመልሳሉ። «ደርሶኛል።» በቃ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው። ደንበኛው ሁሉ ይቺን ለምዶ፣ እሷን ሳያይ ሥራ ታዟል አይልም። አዲስ አድራሻ ቢሰጡት አይዝም፤ ያቺኑ የሽማግሌውን አድራሻ ነው የሚያውቀው። አንድ የትምህርት ቤት ግዢ ክፍል ሰው ነበር አሉ፣ ልክ እንደ እርስዎ ረጋ ያለ፤ አለቃው «ሽፋኑ ታዘዘ ወይ?» ሲለው «ገና ነው፣ ደርሶኛል አላለኝም» ይል ነበር።

ሽማግሌው ሲሞቱ ታላቂቱ ምን አደረገች መሰለዎት? በየጠዋቱ ካፖርቷን ሳታወልቅ የአባቷን የኢሜይል ሳጥን ትከፍታለች፣ ታነባለች፣ በአባቷ ስም «ደርሶኛል» ትላለች። ማንም አላዘዛትም። ለማንም አልተናገረችም። ማታለል ነው ይሉ ይሆናል። ግን ደንበኛው መች አጣው? ያ የትምህርት ቤት ሰው ቀብሩ ላይ ቆሞ አፈር የመለሰ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን «ይድረስ ለወዳጄ» እያለ ነበር የሚጽፈው። እሱ እያወቀ ይጽፋል፣ እሷ እያወቀች ትመልሳለች። የደብተር ሽፋን ነው የሚያወሩት፣ ሌላ ምንም የለውም። ብቻ... እሷ ቀኑን እዚያ ላይ ተደግፋ ነበር የምትጀምረው።

ልጁ ይሄን አያውቅም ነበር፤ እሱስ ሐቅ ነው፣ አልወስድበትም። የታላቂቱም ጥፋት አለበት፣ አልሸፍንላትም። ማስታወቂያውን አይታዋለች። ሳጥኑን የምትከፍተው እሷ አይደለችም? ቅጹን ልትሞላ እጇን ሰነዘረች... መለሰችው። «የአባቱን ስም እያየ ይዘጋል? እስቲ ልየው» አለች። ኩራት ነው ጋሼ፣ ሌላ ስም የለውም። አራት ቀን ጠበቀችው። አንድ ግድግዳ እንኳ አይለያቸውም፣ መስታወት ብቻ ነው፤ ብድግ ብላ «ይቺን ተዋት» ማለት አቃታት። ሰኞ ጠዋት ካፖርቷን ሳታወልቅ ስትከፍት «ይህ አድራሻ የለም» አላት። ከዚያ ወዲያ ለመናገርም አፈረች። የሚጽፉት ደንበኞች «አልደረሰም» ተብሎ ይመለስባቸዋል፣ ግራ ገብቷቸው ይደውላሉ፣ ያኔ ራሱ ይደነግጣል ብላ ዝም አለች።

ምን ታውቃለች! ልጁ እኮ ጥንቁቅ ነው። ለተዘጋ አድራሻ የሚመጣ መልእክት ሁሉ መልስ ሳይሰጠው ድምፁን አጥፍቶ ይጣል ብሎ ደመናውን አዞት ኖሯል፣ ሳጥን የሚያጣብብ ማስታወቂያ እየበዛ ስላስቸገረው። አልደረሰም እንኳ አይልም። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ደብዳቤም በሠላሳኛው ቀን ተጠርጎ ጠፋ፤ ንጹሕ ሥራ ነው፣ አንድ ብናኝ አልቀረም። አባትየው በሕይወት ዘመናቸው ዝም ያሉት ሰው አልነበረም፤ ከሞቱ በኋላ ኩሩ አደረጋቸው።

ምነው ጋሼ? ሻዩ መረረዎት?

ምንድን ነው እሱ፣ ከኪስዎ ያወጡት? ለእኔ ነው? ቆይ መነጽሬን... አትመው ነው የመጡት፣ ሦስቱንም? ይስጡኝ እስቲ። «ይድረስ ለወዳጄ። እንደ ዓምናው ስምንት ሺህ የደብተር ሽፋን፣ ሦስት ሺህ የውጤት ካርድ።» እሺ። ሁለተኛው... «ወዳጄ፣ አልደረሰህም እንዴ?» ሦስተኛው...

«ወዳጄ፣ አሞህ ነው?»

አይ ጋሼ።

የለም፣ ደኅና ነኝ። መነጽሬ ነው፣ የሻዩ እንፋሎት ነው። አባዬ እኮ ታሞ እንኳ፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ በአንድ ጣቱ ነበር «ደርሶኛል» የሚለው። ነርሷ ስልኩን ልትቀማው ስትታገል እኔ... የዚያኛው ቤት አባት ማለቴ ነው። ስንቱን ነው የማደባልቀው ዛሬ።

በድረ ገጹ ለምን አልሞከሩም ታዲያ? ሞከሩ? ከአንድ ሺህ በላይ አልቀበልም አለዎት? አዎ፣ ቅጹ እንዲያ ነው የተሠራው፤ ከዚያ በላይ የሚያዝ ደንበኛ ይኖራል ተብሎ አልታሰበም። እኔስ መቼ ተጠየቅኩ? ከመጪው ወር ጀምሮ በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ያ ቅጽ ነው። የተሻለ ነው፣ ጉንፋን አይዘውም።

ይሄኛውስ ወረቀት? ውል ነው... ይሄ የእኛ ማኅተም አይደለም፣ የሌላ ማተሚያ ቤት ነው... ገባኝ። ገባኝ፣ ጋሼ። ሐሙስ ነው የተፈረመው? የለም፣ የለም፣ እርስዎ ምን አጠፉ! ልጆች ያለ ደብተር ሽፋን ትምህርት ይጀምሩ? ርእሰ መምህሩ ልክ ነው፤ ጫማው ቢጮህም ልክ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፈው፣ ጠብቀው፣ በዚያ ጉልበትዎ ደግሞ ራስዎ ሊነግሩን መጡ። ሰው ማለት ይሄ ነው። ለዘንድሮ ብቻ ነው? ለሦስት ዓመት። እሺ... ለሦስት ዓመት።

ጠራዡና ወረቀት ቆራጩ ሥራ በሚጠፋባቸው ወራት የሚይዛቸው ያ ሽፋን ነበር። አሁን ቁጭ ብለው በየስልካቸው ሰንጠረዡን ያያሉ። ባዶ ቢሆንም ያምራል፣ ቀለም አለው።

ይስሙ... ያ ማዳመጫ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ መሰለኝ። አይዙሩ፣ አይዩት፤ ጆሮው ላይ ትንሽ ሞቀው ይሆናል። ሲሞቀው ጆሮው ይቀላል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ተሰብሮ «ማነው?» ሲባል ሁላችንም የምናየው ጆሮውን ነበር። አባዬ ታዲያ አንድም ቀን ተቆጥቶት አያውቅም። «ብርጭቆው ራሱ ተንሸራቶ ነው» ይል ነበር።

ለነገሩ ማን ይቆጣዋል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ ያቺስ ዝርክርክ ነበረች። ይሄኛው እንደ እሷ አይደለም። እሱ የቆጡን በሥርዓቱ አውርዷል፤ ብብቱ ውስጥ ምን እንደነበር ብቻ ነው ያላየው። ለመሆኑ ያቺ የአባቱ አድራሻ በወር ስንት ትፈጅ ነበር ብዬ ጠይቄ ነበር። የሁለት ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ናት አሉኝ። እርስዎ አንዱን ጠጥተዋል። ሁለተኛውን ልቅዳልዎት? ይጠጡ ግዴለም፣ አባዬ ነው የጋበዘዎት።

ሊሄዱ ነው? ቀስ ብለው ደረጃውን፣ ግድግዳውን ይደገፉ። እነዚህን ሦስቱን ደብዳቤዎች ግን ለእኔ ይተዉልኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፣ በወረቀትነታቸው። እስኪ ብዕሩን ያቀብሉኝ... ከግርጌያቸው አንዲት ቃል ልጻፍባቸው፣ ዘግይታም ቢሆን። ይኸው። ደርሶኛል። ደርሶኛል። ደርሶኛል።

ስለዚያ ልጅ ደግሞ ክፉ ነገር አወራች እንዳይሉብኝ። ከአፌ ምርቃት እንጂ ሌላ አይወጣም፤ እናቴም እንዲያ አላሳደገችኝም። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ጤና ይስጠው። እነዚያን ስኳር ልጆቹን ያሳድግለት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። እንደ እሱ ጠንቃቃ፣ እንደ እሱ ሥርዓት አዋቂ ይሁኑለት። አርጅቶ፣ ጠጉሩ ነጥቶ ጥግ ሲይዝ እንኳ ከጎኑ አይጥፉ። እሱ ለአባታችን እንደሆነለት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ልጆቹም ለእሱ እንዲያው ይሁኑለት። አሜን።